ያልመጡት ወላጆች

«ለልጇ ፀጉር ጊዜ ያላት እናት ለደብተሯ ጊዜ የላትም» አለች መምህርቷ፣ አንገቷን መታጠቢያው ገንዳ ጠርዝ ላይ አጋድማ፣ ዓይኗን ጨፍና። የምታወራው ጎኗ ካለው ወንበር ላይ ፀጉሯን በቢጎዲን ተጠቅልላ ለተቀመጠችው ጓደኛዋ ነው። ራሷን የምታጥባት ሴት ትስማ አትስማ አላሰበችበትም። ፀጉር ቤት ውስጥ የሚያጥብ ሰው እጅ እንጂ ጆሮ ያለው አይመስልም። «በየሰኞው አዲስ አሠራር ነው። ባለፈው ሰኞ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ እንደ መረብ የተጠላለፈ፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ነጭ ዶቃ የተሰካበት ተሠርታ መጣች። ይሄ ስንት ሰዓት ይፈጃል? የእናትየዋ ውሎ ፀጉር ቤት መሆን አለበት። ሦስት ስብሰባ ጠራን፣ ለአንዱም አልመጣችም። ሰባት ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ በገዛ እጄ። ዝም! ዘንድሮ ወላጅ የሚባል ነገር የለም ስልሽ፤ ወልዶ ትምህርት ቤት መወርወር ብቻ ነው።»

የፀጉር ሠሪዋ ጣቶች አረፋው ውስጥ እንዳሉ ቆሙ። መረቡን የሠራችው እሷ ናት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጇን በጉልበቶቿ መሀል አስቀምጣ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ፣ አንዷን ዘለላ ካንዷ እያሳለፈች ነው የሠራቻት። በሳምንት ውስጥ ሳትጣደፍ ከልጇ ጋር የምትቀመጠው በእነዚያ ሰዓታት ብቻ ነው፤ ሌላ የምትሰጣት ነገር ስለሌላት እጇ የሚያውቀውን ትሰጣታለች። «ውሎዋ ፀጉር ቤት መሆን አለበት» የተባለውም ቢሆን ውሸት አይደለም። ከጧቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ውሎዋ ፀጉር ቤት ነው፤ ያውም በቁሟ።

«ውሃው ቀዘቀዘ እኮ» አለች መምህርቷ።

«ይቅርታ ቲቸር» አለችና ቧንቧውን አስተካከለች።

ፀጉር ቤቱ ጠባብ ነው። አምስት ወንበር፣ አንድ ጥጉ የተሰነጠቀ ትልቅ መስተዋት፣ ራስ ላይ የሚደፋ ሁለት ማድረቂያ ካስክ አለው፤ አንደኛው ካስክ ሲሠራ እንደ ወፍጮ ስለሚያጉረመርም ሥሩ የተቀመጠ ሰው ሳያውቀው እየጮኸ ያወራል። በሩ አጠገብ የተለጠፈው የዋጋ ዝርዝር በእስክሪብቶ ተሰርዞ ተጽፎ፣ እንደገና ተሰርዞ ተጽፎ፣ አሁን ቁጥሩን የሚያነበው ለማዳ ዓይን ብቻ ነው። እዚህ ቤት ሠራተኛዋን በስሟ የሚጠራት የለም። ቁመቷ ረጅም፣ አንገቷም መለሎ ስለሆነ ገና በገባች በሳምንቷ የቤቱ ባለቤት «ቀጭኔ» አለቻት፤ ደንበኛውም ተቀበለው። «ቀጭኔ ትሥራኝ» ብለው የሚጠብቁ አሉ። መምህርቷም ስትመጣ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ቀጭኔ የማን እናት እንደሆነች በምን ታውቃለች?

መምህርቷ ቀጠለች። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ የአምስተኛ «ለ» ወላጆች የዓመቱ የመጨረሻ ስብሰባ አለ፤ ፀጉሯን በጧት ልትሠራ የመጣችውም ለዚያ ነው። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልመጣ ወላጅ፣ ዛሬም ከቀረ፣ ልጁ ለሚመጣው ዓመት አይመዘገብም። ርዕሰ መምህሩ ዝርዝሩን ስብሰባው ላይ አንብበው ይፈርማሉ። «አርባ ሁለት ልጅ አለኝ፤ የሠላሳ አንዱን ወላጅ መልኩን አላውቀውም» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ክፋት አልነበረበትም፤ ድካም ነው የነበረበት። ቀጭኔን ይበልጥ የከነከናት ደግሞ ይኸው ነው፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ መናደድ በቻለች።

ፀጉሩን አለቀለቀች፣ አደረቀች፣ በጣቷ እየለካች ጠቀለለች፣ ከካስክ አወጣችና አበጠረች። እልህ ይዟት ነው መሰል ከወትሮው አሳምራ ሠራቻት። መምህርቷ ከመስተዋቱ ፊት ጭንቅላቷን ወዲያ ወዲህ እያዞረች «ቀጭኔ፣ እጅሽ ይባረክ! ዛሬስ ሌላ ሰው አደረግሽኝ» አለችና ከጓደኛዋ ጋር እየሳቀች ወጣች።

የቤቱን ባለቤት ሁሉም ማዳም ይሏታል። መሳቢያዋ አጠገብ፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትውል ወፍራም ሴት ናት፤ ልጅ የላትም፣ ቅዳሜ ግን አላት። ቅዳሜ የሳምንቱን ግማሽ ያስገባል። ዛሬ ደግሞ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ አራት ሚዜዎች ተይዘዋል። ቀጭኔ እጇን በፎጣ እያደረቀች ፊቷ ቆመች።

«ማዳም፣ ሁለት ሰዓት ያህል ይፍቀዱልኝ። ከልጄ ትምህርት ቤት ስብሰባ አለ።»

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ቅዳሜ።»

«ታዲያ ምኑን ትጠይቂኛለሽ?»

ቀጭኔ ከዚህ በፊት እዚህ ቤት ተከራክራ አታውቅም። ከእሷ በፊት የነበረችው ልጅ በእህቷ ምርቃት ምክንያት አንዲት ቅዳሜ ቀርታ ሰኞ ስትመጣ ቦታዋ ላይ ሌላ ሰው ቆሞ አገኘች፤ ያ የቆመው ሌላ ሰው ቀጭኔ ራሷ ነበረች። ሽርጧን ፈታ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው።

«ሽርጡን ሰቅለሽ ከወጣሽ» አለች ማዳም ከመቀመጫዋ ሳትነሳ፣ «ተሰቅሎ ነው የሚቀረው።»

ቀጭኔ ወጣች።

ቤታቸው ከጎማ ጥገናው ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት በርጩማ አላት፤ መስኮቷ የሚከፈተው ወደ ጎማ ክምር ነው። ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ካልሲዋን ሳፋ ውስጥ እያሸች አገኘቻት። በዚህ ሰዓት እናቷን በር ላይ ስታይ እጇ ሳሙናው ውስጥ ደርቆ ቀረ።

«ደብዳቤዎቹን አምጪ» አለች እናት።

ልጅቷ «የምን ደብዳቤ?» አላለችም። ተነሥታ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና የፍራሹን ጥግ ገለበጠች። ሰባቱም እንደተተኮሱ ተዘርግተው ተኝተዋል። እናት ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ያቋረጠች ናት፤ ማንበቡን ታነባለች። እንደቆመች አንዱን አነበበች፣ ሌላውን አነበበች። ሁሉም ላይ ቅዳሜ፣ ሁሉም ላይ አራት ሰዓት ይላል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷም በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ከውጭ የጎማ መንፊያው ሞተር ተነሥቶ ግድግዳውን ሁሉ አንቀጠቀጠው፤ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ጠፋ። እናት የልጇን እግሮች ነው የምታየው። ከበርጩማው ተንጠልጥለው ወለል ይነኩ እንዳልነበር ታስታውሳለች፤ አሁን ይነካሉ። መቼ ነው የነኩት?

«ለምን አልሰጠሽኝም፣ እሙዬ?»

«‹ከኔ በፊት የነበረችው ቅዳሜ ቀርታ ነው የተባረረችው› ብለሽ ለጎረቤታችን ስትነግሪያት ሰምቻለሁ።»

እናት ደብዳቤዎቹን ጭኗ ላይ ደረበች። «ለቲቸርሽስ ምን ትያት ነበር?»

«ሰኞ ሰኞ ታስነሳኛለች። ‹እናትሽ አሁንም አልመጣችም?› ትለኛለች። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ያየኛል።» ልጅቷ ጣቷን ጎነጎነች። «ታማለች እላለሁ። መጀመሪያ ወገብሽን ነበር። ከዚያ ዓይንሽን ኦፕራሲዮን ሆንሽ። አሁን እግርሽ ጄሶ ውስጥ ነው።»

እናት ልትስቅ ነበር፤ ሳቁ መንገድ ላይ ወደ ሌላ ነገር ተቀየረባትና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አንድ መንፈቅ ሙሉ ይቺ ልጅ የእናቷን እንጀራ በፍራሽ ሥር ደብቃ፣ በውሸት እየታመሰች፣ ብቻዋን ተሸክማው ኖራለች። «ዝም ትላለች፣ አትሳተፍም» ተብሎ ካርዷ ላይ የተጻፈው ለካ ይሄ ነው። ዓይኗን ጠረገችና ተነሣች።

«ጫማሽን አድርጊ» አለቻት።

አራት ሰዓት ካለፈ ሩብ ሰዓት ሆኖታል። የአምስተኛ «ለ» ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ውስጥ አሥራ አንድ ወላጆች የልጅ ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ ክራባት ያሰረ የባንክ ሠራተኛ፣ ነጭ ጋውኗን ክንዷ ላይ የጣለች የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ ሌሎችም የቢሮ ሰዎች። የቀረው ወንበር ባዶ ነው። ርዕሰ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመው መመሪያ ያነባሉ፤ ራሳቸው ላይ አንድ ዘለላ ፀጉር የሌላቸው፣ ቀጥ ያሉ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገሉ ሰው ናቸው። መምህርቷ ፀጉሯ እያብረቀረቀ ጎናቸው ቆማለች። በሩ ላይ የቆመችውን ሴት ስታይ ፊቷ በፈገግታ በራ።

«እንዴ፣ ቀጭኔ! ምን ረስቼ ሄጄ ነው?»

«የረሱት ነገር የለም፣ ቲቸር» አለች። ከኋላዋ የተሸጎጠችውን ልጅ ወደ ፊት ሳብ አድርጋ እጇን አናቷ ላይ፣ መረቡ ላይ፣ አሳረፈች። «ወላጅ ነኝ።»

መምህርቷ ልጅቷን አየች፣ እናቲቱን አየች፣ ከዚያ እጇ ሳታዝዘው ወደ ራሷ ፀጉር ሄደና እዚያው ቀረ። ከአንገቷ ጀምሮ ፊቷ ሲቀላ ይታያል። ርዕሰ መምህሩ ግን ነገሩን ስላላወቁ «ይግቡ እህቴ፣ ይግቡ» አሉ። «ቢዘገዩም መጥተዋል። ልጅዎ ከማይመዘገቡት ዝርዝር ትሰረዛለች። ይቀመጡ።»

አለቀ። የመጣችበት ጉዳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ። አሁን ብትሮጥ ሚዜዎቹ ሳይደርሱ ሽርጧ ጋ ትደርሳለች። የልጇ ዴስክ ላይ ለመቀመጥ ሞከረች፣ ጉልበቷ አልገባ አለና እግሯን ወደ መተላለፊያው ዘርግታ ተቀመጠች። ርዕሰ መምህሩ ቀሪዎቹን ሠላሳ ስሞች ማንበብ ጀመሩ። አንደኛው ተነበበ። ሁለተኛው ተነበበ። ቀጭኔ እያንዳንዱን ታውቀዋለች፤ ሰፈሩ ነዋ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ሳታስበው ቆማ አገኘችው ራሷን።

«ይቅርታ ጋሼ። የዚህ ልጅ አባት ዳቦ ቤት ነው። አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ ምድጃው ፊት ነው። ቅዳሜ እጥፍ ነው የሚጋግሩት። ቀድመው የጠሯት ልጅ እናት ደግሞ መኪና እጥበት ናት፤ ሰው መኪናውን የሚያሳጥበው ቅዳሜ ነው። መንታዎቹን የምታሳድጋቸው አያታቸው ናት፤ አውቶቡስ መናኸሪያውን ትጠርጋለች።»

«እህቴ» አሉ ርዕሰ መምህሩ፣ ሳይቆጡ፣ «ቅዳሜን የመረጥነው እኮ ለወላጅ ስንል ነው። ቢሮ ዝግ ነው ብለን።»

«ቢሮ የሚዘጋው ቢሮ ላለው ነው፣ ጋሼ።»

የመድኃኒት ቤቷ ሴት ከት ብላ ልትስቅ ስትል አፏን ያዘች። ክራባት ያሰረው ሰውዬ ግን ወደኋላ ዞሮ «መቼም ምክንያት የሌለው ሰው የለም» አለ።

«ምክንያታቸውን አልነገርኩም» አለች ቀጭኔ። «አድራሻቸውን ነው የነገርኳችሁ። የት እንዳሉ የምታውቁት ሰው እንዴት ጠፋ ይባላል? ልጄ ሰባት ደብዳቤ ፍራሽ ሥር ደበቀች። ሥራዬን እንዳላጣ ብላ ነው የደበቀችው። እዚህ ክፍል ውስጥ እንደሷ ያሉ ስንት እንዳሉ ማን ያውቃል? ሠላሳ ወላጅ አልመጣም ከምትሉ፣ ሠላሳ ቤት አልሄድንም በሉ።»

ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው በመሀረብ ይጠርጉት ጀመር፤ አንዱን መስታወት፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ተመልሰው የመጀመሪያውን። ቀጭኔ የምትባረር መሰላት። በመጨረሻ መነጽራቸውን አደረጉና «አሁን ብንሄድ እናገኛቸዋለን?» አሉ።

«ዳቦ ቤቱ ከዚህ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም።»

የተሰበሰቡትን ወላጆች አመስግነው አሰናበቱ። ርዕሰ መምህሩ፣ መምህርቷና ቀጭኔ ወጡ፤ የመምህርቷን መዝገብ የያዘችው ልጅቷ አራተኛ ሆና ተከተለች። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሙቀቱ ፊት ይገርፋል። አባትየው ረጅሙን የእንጨት አካፋ ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ እጁን ሦስት ጊዜ በሽርጡ ጠርጎ፣ አሁንም ዱቄት ያለው መስሎት ክንዱን ዘረጋላቸው። አፉን እንደከፈተ የጠየቀው «ልጄ ምን አጠፋ?» ብሎ ነው። ስለ ስብሰባው ሲነግሩት ቅዳሜ ጨርሶ እንደማይሆንለት፣ ሰኞና ማክሰኞ ግን ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነፃ እንደሆነ ተናገረ። ወጡ። መኪና እጥበቱ ጋ ያቺ እናት ጉልበቷ በሚደርስ የላስቲክ ቦት ውስጥ ቆማ፣ ቧንቧውን ዘግታ፣ ውሃው ከክርኗ እየተንጠባጠበ «ምን አጠፋች?» አለች። ጫማ ሠሪው ጋ «ምን አጠፋ?» ልብስ ሰፊው ጋ «ምን አጠፋች?» መምህርቷ አምስተኛው በር ላይ ስትደርስ ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ «ምንም አላጠፋም!» አለች ቀድማ። ሰውዬው ግራ ገባው። ምንም ካላጠፋ ምን አመጣቸው? ትምህርት ቤት ሰው የሚጠራው ጥፋት ሲኖር ነዋ። መምህርቷም ባዶ እጇን መቆም ስለከበዳት ስለዚያ ልጅ አንድ ጥሩ ነገር ፈለገች፤ ፈልጋ አላጣችም። «የሰፈር ካርታ ሥሉ ብያቸው የሱን ያህል አሳምሮ የሣለ የለም» አለች። አባትየው አፉን ከፍቶ ቀረ። «ይሥላል?» አለ፤ ከዚያ ጎረቤቱን ጠርቶ «ሰማህ? የኔ ልጅ ይሥላል!» አለው። ከዚያ ወዲህ መምህርቷ በየበሩ በጥሩ ነገር ጀመረች። ዳቦ ቤቱ ጋም ተመልሳ ሄደች፤ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ የወደቀ የሚያነሣ፣ የሚያለቅስ የሚያባብል መሆኑን ሳትነግረው መቅረት አልፈለገችም።

እሷም የማታውቀውን ሰማች። መኪና አጣቢዋ ልጇ ግራኝ መሆኗን፣ አንደኛ ክፍል እያለች በቀኝሽ ጻፊ ተብላ እጇን በማስመሪያ ስትመታ መክረሟን ነገረቻት። መምህርቷ መንፈቁን ሙሉ «የእጅ ጽሕፈትሽ እንደ ዶሮ ጭረት ነው» ስትላት የከረመችው ልጅ ናት። መዝገቧ ጥግ ላይ ጻፈችው፤ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። መናኸሪያው ጋ የመንታዎቹ አያት መጥረጊያቸውን ተደግፈው ቆመው ሰሟቸውና «ደብዳቤዎቹ እኮ በክብር ተቀምጠዋል» አሉ። ከብብታቸው በላስቲክ የተሸፈነ ጥቅል አወጡ፤ «ማኅተም ስላየሁበት የልጆቹ የምስክር ወረቀት መስሎኝ ነው» አሉ፤ ማንበብ አይችሉም። ርዕሰ መምህሩ አንዱን ተቀበሉና ጮክ ብለው ያነቡላቸው ጀመር። «...ባይቀርቡ ትምህርት ቤቱ ጥብቅ እርምጃ የሚ...» እዚህ ላይ ማንበብ አቆሙ። መምህርቷ በእጇ የገለበጠችው የገዛ ዓረፍተ ነገራቸው ነው፤ ጠረጴዛቸው ላይ ሲያረቁት እንዲህ ያለ ፊት ፊታቸው አልነበረም። ወረቀቱን አጠፉና «ልጆቹ ጎበዞች ናቸው ነው የሚለው፣ እማማ» አሉ። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ የእናቷን እጅ ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

ከመናኸሪያው ሲወጡ መምህርቷ እርምጃዋን ቀነስ አድርጋ ከቀጭኔ እኩል ሆነች።

«ጧት ያልኩትን ሰምተሻል አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ? እዚያው ልክ ልኬን አትነግሪኝም?»

«እጄን ካነሣሁ ሳሙናው ዓይንዎ ይገባ ነበራ።»

መምህርቷ መሀል መንገድ ላይ ሳቋ አመለጣት፣ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ አዘለ። ጎንበስ ብላ ልጅቷን ትከሻዋን ያዘቻት። «ሰኞ ሰኞ የማስነሣሽ ነገር ጥፋቱ የኔ ነው። ከእንግዲህ አይደገምም። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እሺ?» ልጅቷ ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲጠይቃት የመጀመሪያዋ ስለሆነ ምን እንደሚባል አላወቀችም። «እሺ» አለች። ትንሽ ሄደችና «የናቴ እግር ግን ተሰብሮ አያውቅም» አለች። መንፈቅ ሙሉ የታፈነች ልጅ ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛት! እስከ ዋናው መንገድ ድረስ መምህርቷን እጇን ይዛ ለፈለፈች፤ ስለ ጎማ ሞተሩ፣ ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀች ስላላወጣችው እጅ፣ ስለ ሁሉም።

ስምንት ሰዓት ላይ ከሠላሳው ሃያ አራቱን አግኝተዋል። ቀጭኔ ግን አሁን እርምጃዋን ገታች፤ ለእሷ የቀረው በር የማዳም ነው። «እኔም እመጣለሁ» አሉ ርዕሰ መምህሩ። ፀጉር ቤቱ የጦር ሜዳ መስሏል። ዘጠኝ ዓመት ማበጠሪያ ይዛ የማታውቀው ማዳም መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ወርዶ አንዷን ሚዜ ይዛለች፤ ክፍሉ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ሚዜዋ ታለቅሳለች። ቀጭኔን ስታይ ማዳም እሳት ጎርሳ እሳት ልትተፋ አፏን ስትከፍት ርዕሰ መምህሩ ቀደሙ።

«እመቤቴ፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ስብሰባ የጠራሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አይቀይሩትም?»

«ቀይረነዋል። ሰኞ፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ።»

ማዳም ማበጠሪያውን እንዳነሣች አሰበች። ነጋዴ ናት፤ ቀን ታውቃለች። «ሰኞስ ደግ» አለች ለስለስ ብላ። «ሰኞ እዚህ ዝንብ ነው የምናበጥረው።»

«ቀጭኔ! የኔ እናት፣ ድረሽልኝ!» አለች የምታለቅሰዋ ሚዜ። የቀሩት ሦስቱ ሚዜዎችም አብረው ጮኹ። ማዳም ሽርጡን ከሚስማሩ አውርዳ፣ ሳትናገር፣ ከሩቅ ወረወረችላት። ቀጭኔ ቀለበችው። የተቃጠለውን ጫፍ ቆረጠች፣ የቀረውን አነሣችና እንደታሰበበት አስመስላ ወደ ጎን ጣለችው፤ ሚዜዋ መስተዋት ስታይ ከሌሎቹ ሁሉ የሷ በለጠ ተባለ። መምህርቷ እጅጌዋን ሰብስባ ቢጎዲን እያቀበለች ቆመች፤ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ መጠን ሰጥታ ሁለቴም ታረመች። ርዕሰ መምህሩ እግራቸው ስለዛለ የመጨረሻዋ ባዶ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ፤ የሚያጉረመርመው ካስክ ሥር። በዚያ በራ ራስ ላይ ካስኩ ተንጠልጥሎ ሲታይ ማዳም ቀድማ ሳቀች፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ፤ በመጨረሻ እሳቸውም። «ለመታጠብና ለካስክ ስንት ነው?» ብለው ሲጠይቁማ ሚዜዎቹ ወንበር ለወንበር ተያዩ፣ ተንከተከቱ።

ሰኞ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ክፍሉ አልበቃ ብሎ ስብሰባው ግቢው ውስጥ ሆነ። የሌላ ክፍል ወላጆችም ሰምተው መጥተዋል። ዳቦ ጋጋሪው ክንዱ ላይ ዱቄት እንዳለ፣ መኪና አጣቢዋ ቦቷን ሳታወልቅ፣ የመንታዎቹ አያት ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ልብስ ሰፊው ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፤ ክራባት ያሰረው የባንክ ሰውዬም ወንበር ከክፍል እያወጣ ለሰው ያድላል። የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያ «ሦስት ጊዜ ያልቀረበ» የሚለው መመሪያ ተነሥቶ በቦታው ሌላ ወረቀት ተለጥፏል። ማን የት እንደሚሠራ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚመቸው ይዘረዝራል። ጽሕፈቱ የልጅ ነው፣ ግን ይነበባል።

ቀጭኔ ስትደርስ ወንበር አልቋል። ሁለት ሰዎች ሊነሡላት ሲሉ እምቢ ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ከሰዉ ጭንቅላት በላይ ሁሉም ይታያታል፤ ልጇ ከፊት፣ ከመምህርቷ ጎን፣ መዝገቡን ዘርግታ ይዛ ቆማለች። መምህርቷ ጉሮሮዋን ጠረገችና ስም መጥራት ጀመረች፤ የሚመልሱት ግን ወላጆቹ ናቸው። የመጀመሪያው ሲጠራ ጫማ ሠሪው እንደ ተማሪ እጁን አውጥቶ «አቤት!» አለ፤ ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም «አቤት» ሆነ፤ ወፍራም አቤት፣ ቀጭን አቤት፣ ያፈረ አቤት። የመንታዎቹ አያት ሁለት ጊዜ ስለተጠሩ ሁለት ጊዜ «አቤት፣ አቤት» አሉ። ስሞቹ ወረዱ፣ ወረዱ፣ ዝም ያለ ስም አልተገኘም።

የልጇ ተራ ሲቃረብ ቀጭኔ ከግድግዳው ተላቃ ቆመች። ትምህርት ቤት ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ ስሟ የተጠራው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እያለች ነው። መምህርቷ ከመዝገቡ ቀና አለች፣ በሰዉ መሀል ፈልጋ አገኘቻት፣ ፈገግ ብላም የልጅቷን ስም ከነአባቷ ጠራች።

«አቤት!» አለች ቀጭኔ።

ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ወጣ። ግቢውን ሞልቶ ሰዉን ሁሉ ወደኋላ አዞረው። ልጅቷም ከፊት ሆና እናቷን አየች፣ ሳቋ ጆሮዋ ድረስ ተለጠጠ፣ እስክሪብቶዋንም አንሥታ ከስሟ ትይዩ «መጥታለች» ብላ ጻፈች።